አንድ ለሠላሳ አምስት

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ ሃያ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ውሃ ማክሰኞ ትመጣለች፤ መብራት እንደ ሐምሌ ፀሐይ።
ልጆቹ ሲተኙ፣ እራት ሲነሣ ከገበታ፣
ጋዜጣ አነጥፋለሁ፤ ታንክ እሠራለሁ ማታ ማታ።

አያልነሽ "ደግሞ ጀመርክ" ትላለች፣ መስኮቱን እየከፈተች፣
የማጣበቂያው ሽታ አዙሯት፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዋን እየፈለገች።
(እኔ ጋ ነው። ብሩሽ አጥቤበታለሁ።
ነገ እገዛላታለሁ።)

ሣጥኑን ከጓንዡ ያመጣልኝ ልብስ አመላላሽ ነጋዴ፣
"ለልጅህ ነው?" ሲለኝ "አዎን" አልኩ፤ ዋሸሁ እንደ ልማዴ።
መቶ ሰማንያ ሰባት ቁራጭ፣ ከላስቲክ ዘንጉ ላይ እንደ ሾላ ተንጠልጥሎ፣
ሁሉም ቁጥር አለው፤ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል ዝም ብሎ።

ቀለም መንፊያዬ ከሞተ ፍሪጅ የወጣች ኮምፕሬሰር ናት፣
ቃሊቲ ያለ ጠጋኝ በስድስት መቶ ብር ነፍስ የዘራባት፤
ስትነሣ ትንዘፈዘፋለች፤ የታችኛው ጎረቤት ጣራውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባል፣
አጠፋታለሁ፤ የቀረውን እጄ ይቀባል።

መጀመሪያ አረንጓዴው። ሲደርቅ፣ በስፖንጅ ጫፍ ዝገት፤
የጭስ ማውጫው በግራ ነው፤ እዚያ ጥላሸት ነካ ማድረግ ነው፣ እንደ ሐሜት።
አቧራ ግን አልገዛም። አቧራ እዚህ መች ጠፍቶ!
ግሬደር አርሶ ከተወው መንገድ ዳር፣ በጣሳ ተዝቆ መጥቶ፣
በአሮጌ ስቶኪንግ ተነፍቶ፣ እንደ በርበሬ ልሞ፣
ሰንሰለቷ ጥርስ መሃል ይገባል፣ በብሩሽ ጫፍ ተለቅሞ።

በጥር አንድ ሌሊት መብራት ሄደ። ኢተፋ፣ የብሎኩ ጥበቃ፣
የውሃ ሞተሩን ሊፈታ መጣ፣ ሊዋሰኝ ዕቃ።
የባትሪው ብርሃን ጠረጴዛዬ ላይ ወደቀ፤ እዚያው ቀረ።
ጎንበስ አለ። ቆጠረ፤
መንኮራኩሮቿን፦ አንድ፣ ከዚያ ሰፊ ክፍተት፣ ከዚያ አራት።
"ልክ ነህ" አለኝ። "እኔ ነድቻታለሁ፣ ሰባት ዓመት።"

ሦስት ዓመት በሩን ሲከፍትልኝ፣ "እንዴት አመሸህ" ስንባባል፣
ማን ይህን ያስባል።

የመድፏን ማማ አነሣሁለት፤ ገና አልተጣበቀችም። ውስጧን አየ።
"ንጹሕ ነው" አለ፣ እንደ ነቀፋ። ቆየ።
"ውስጧ እንዲህ አይደለም። ናፍጣ፣ ላብ፣ የሰው እስትንፋስ፤
በሹፌሩ ግራ ጉልበት ኮዳ ነበረች፣ በጫማ ክር የታሰረች፣ በየጉድጓዱ የምትፈስ።"
"የማን?" አልኩት።
"የአንለይ፣ የተኳሹ። እሱ ጋ መስቀያ አልነበረ።"
ሌላ አልጨመረ።

ከክብሪት ራስ ኮዳ ቀረጽኩ፤ ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም፤
ኢተፋ ባትሪውን ያዘልኝ፤ እጁ አልተንቀጠቀጠም፣
የኔ ነበር የተንቀጠቀጠው። ከሻሽ ጫፍ ክር መዘዝኩ፣
በወረንጦ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ በሹፌሩ ግራ አንጠለጠልኩ።
"ማማዋ ስትጣበቅ ማንም አያያትም" አልኩት።
"አውቃለሁ።"

ሒሳቡን እኔም አውቃለሁ፤ ሁሉ ለሠላሳ አምስት ይካፈላል፣
ስድስት ሜትር ተኩል ብረት ዐሥራ ስምንት ሳንቲ ያክላል፣
ሰው ከነቆቡ አምስት ሳንቲ። ስም ግን አልካፈል አለኝ፤
"አንለይ" ብዬ ሞከርኩ ሌሊቱን፤ እንዳለ ሆኖ አስቸገረኝ።

"የማማዋን ክዳን ክፍት ተወው" አለ፣ ከደረጃው ላይ ዞሮ፣
"የሹፌሩማ ያኔም ተከፍቷል"፤ ወረደ፣ ካቻቢቴዬን በኪሱ አኑሮ።

ይኸው ክፍት ነው። መደርደሪያው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ናት፤
የአያልነሽ እህት ልጅ "ትዞራለች?" አለኝ፤ "አትዞርም፣ ማስቲሽ አለባት።"
ነፋስ ከኮዬ በኩል ሲነሣ አቧራው በመስኮት ይገባል፣
ሁሉን እወለውላለሁ፤ በክዳኗ የገባው ግን፣ ሳይነፋ፣ እንደመጣ ይተኛል።

ማታ፣ በር ላይ፣ "እንዴት አመሸህ" ቀርቷል።
"ኮዳዋስ?" ይለኛል።
"አለች" እለዋለሁ።
ካቻቢቴዬ ግን እስካሁን አልተመለሰችም።